ሽታ የሌለው ሕመም

ታላቂቱ እኅት በአፍንጫዋ የምትታመን ሴት ነበረች። ከእናታቸው በተረከበችው የልብስ ማጠቢያ ቤት ደንበኛ ያመጣውን ልብስ ከመቀበሏ በፊት ወደ ፊቷ ታስጠጋዋለች፤ የፈሰሰበት ዘይት ይሁን ወይን፣ ደም ይሁን ቀለም፣ ባለቤቱን ሳትጠይቅ ትለየዋለች። ለደም ቀዝቃዛ ውኃ፣ ለቅባት ሙቅ ውኃ ይገባዋል፤ ደምን በሙቅ ያጠበ ሰው እድፉን ከልብሱ ጋር ያጋባዋል። ስለዚህ እናታቸው በሕይወት ሳለች "መጀመሪያ ምን እንደ ሆነ እወቂ፤ ከዚያ ውኃ አሙቂ" ትል የነበረው ቃል በዚያ ቤት እንደ ሕግ ይጠበቅ ነበር። ደንበኞች በፊቷ "እመቤት" ይሏታል፤ በሌለችበት ግን ስሟ "አነፍናፊዋ" ነው። ይህንንም ታውቃለች፤ አልተከፋችበትም።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነበረው። የፊተኛው መቀበያ ነው፤ ባንኮኒና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋ ብረት ላይ የተንጠለጠሉ ልብሶች አሉበት። በመካከለኛው ማሽኖቹ ይጮኻሉ፤ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የኋለኛው የመተኮሻ ክፍል ነው፤ ወፍራም ብርድ ልብስና ነጭ አቡጀዲ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከባድ የእንፋሎት ካውያ፣ ወደ ግቢ የሚያይ ሰፊ መስኮት። ይህ ክፍል የታናሺቱ ግዛት ነበር። መኝታቸው ከፎቅ ነው።

ታናሺቱ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ በመተኮሻው ክፍል ደጃፍ ላይ በየማለዳው የማይቀር ሥርዐት ነበር።

"ትንፋሽሽን።"

"እንደምን አደርሽ አይቀድምም?"

"ካሸተትኩሽ በኋላ እንደምን አደርሽ እልሻለሁ።"

ታናሺቱ ተንጠራርታ በታላቂቱ ጉንጭ ላይ ትተነፍሳለች። ታላቂቱ ዐይኗን ጨፍና ትቆያለች።

"ሽንኩርት።"

"የማታው ነው። እንዲያው እትዬ፣ ፖሊስ አንቺን ቢቀጥር ውሾቹ ሥራ ይፈቱ ነበር።"

"ግቢ፤ ሸሚዞቹ ይጠብቁሻል።"

ታናሺቱ መጠጥ የለመደችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ምክንያቱን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለው ነበር፤ አንዱ ክፉ ጓደኛ፣ ሌላው የእናት ሞት፣ ሌላው ቅምጥልነት ይል ነበር። እውነተኛውን የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። በአንዳንድ ወራት ሐሳቧ እንደ ተፈታ ፈረስ ይጋልባል፤ ያን ጊዜ ጥቂት ብርጭቆ ልጓም ይሆናታል። በሌሎች ወራት ደግሞ ከአልጋ መውረድ ተራራ መውጣት ይሆንባታል፤ ያን ጊዜ ያው ብርጭቆ ምርኩዝ ይሆናታል። ከዚህም በላይ መጠጡ ስም ሰጣት። ሣቋ ከልክ ቢያልፍ "ጠጥታ ነው" ተባለ፤ ያለ ምክንያት ስታለቅስ ብትውልም "ጠጥታ ነው" ተባለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በእርሷ ላይ ግን ተረቱ ተገለበጠ፤ ሆዷ ያባውን ሸሽጎ ያኖረላት ብቅሉ ነበር።

አግብታም ነበር። ባሏ ከከተማ ከተማ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ታጋሽ ሰው ነው፤ ነገር ግን ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ልትቀበል ሄዳ በመንገድ ዳር ወድቃ በተገኘች ዕለት ትዕግሥቱ ዐለቀ። ልጅቱን ይዞ ወጣ። ታናሺቱም ወደ እኅቷ ቤት ተመለሰች፤ እዚያም ጠጣች፤ በመጨረሻም ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥና የሌለ ነገር ሲታያት ሆስፒታል ገባች።

ስትወጣ ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው። ቃሏን የምትመጥን፣ ፊቷ የደከመ ሴት ነበረች።

"ችግሩ መጠጡ ብቻ አይደለም" አለች። "ከመጠጡ በፊት የነበረ የአእምሮ ሕመም አለባት። መድኃኒቱን የሰጠኋት ለሁለቱም ነው። መጠጡ ሲቀር ያኛው ጎልቶ ሊወጣ ይችላል። እንቅልፍ ካጣች፣ ወሬዋ ከፈጠነ፣ ደስታዋ ከልክ ካለፈ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ያምጧት።"

"ደስታዋ?" አለች ታላቂቱ።

"አዎ፤ ደስታዋ።"

"ስትጠጣ ነው የማመጣት ወይስ ስትደሰት?"

"በሁለቱም።"

ታላቂቱ ሰማች፤ ነገር ግን የሰማችውን ወደ ውስጥ አላስገባችውም። መጠጥ ሽታ አለው፤ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ በእርሷ ሥልጣን ሥር ነው። ደስታውን ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ግን አይታ አታውቅም።

ሹፌሩም በዚያው ሰሞን ወደ ማጠቢያ ቤቱ መጥቶ ቃሉን ሰጠ። ኮፍያውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ታናሺቱን ሳያስጠራ፣ ለታላቂቱ ነበር የተናገረው።

"መጠጡን ትታ ከቆየች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቷን ለሳምንት አመጣታለሁ። ሳምንቱ በሰላም ካለፈ ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ የእናቷ ነው። የእርሷን ቃል ግን አልሰማም፤ ስንቴ ሰምቻለሁ። የማምነው የእርስዎን አፍንጫ ነው።"

ታናሺቱ ከበሩ ኋላ ቆማ ሰምታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሌላ ነገር አልኖረችም።

በመጀመሪያ ሥራዋ አዝጋሚ ሆነ። መድኃኒቱ እጇን ስላከበደው ካውያውን እንደ ድንጋይ ትገፋዋለች፤ የሸሚዝ ኮሌታ ተጨማዶ ይወጣል። ታላቂቱም በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ ታየውና ዝም አትልም።

"ይህ የተተኮሰ ነው ወይስ ላም ያኘከችው?"

"ላሟ እኔ ነኝ። ክኒኑ እኮ ያፈዘኛል፣ እትዬ።"

"በክኒን አታሳብቢ። እናታችን ትኩሳት ይዟት እንኳ እንዲህ ያለ ኮሌታ ከዚህ ቤት አላወጣችም።"

በዚያ ቤት የሰው ጤንነት የሚለካው በሥራው ነበር፤ ደኅና የተኮሰ ደኅና ነው፤ ያበላሸ ታሟል። ታናሺቱም ደኅና መሆኗን ማሳየት ፈለገች፤ ክኒኑን ተወችው። ለማንም አልተናገረችም፤ ክኒን ደግሞ ቢዋጥም ባይዋጥም አይሸትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እጇ ተፈታ። ካውያው በእጇ ውስጥ ቀለለ፤ እጥፋቱ እንደ ቢላዋ ስለት ሆነ። የሆቴሉን አንሶላ ከቀጠሮው ቀድማ ታደርሳለች፤ ማንም ያላዘዛትን መጋረጃ ዐጥባ ትሰቅላለች። ከደንበኞች ጋር ትቀልዳለች፤ የአንዱን ቀልድ ሳትጨርስ የሌላውን ትጀምራለች። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ኮቱን ተቀብሎ ሲወጣ "እመቤት፣ ይህችን ልጅ ምን አብልተሻት ነው? ለእኔም ሚስት ትንሽ ብትልኪልኝ" አለ። ታላቂቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ከልቧ ሣቀች። እኅቷ ተመልሳለች ብላ አመነች፤ ፈጣሪንም በየማታው አመሰገነች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታናሺቱ ሸሚዝ እየተኮሰች፣

"እትዬ፣ እንቅልፍ ቀንሶብኛል" አለች።

"የሚሠራ ሰው እንቅልፍ አያበዛም።"

"ሐሳቤም ይሮጣል። ይህን ሸሚዝ ስተኩስ የባለቤቱን ኑሮ በሙሉ ዐስቤ ጨረስኩ። ሰውዬውን ድሬ፣ አፋትቼ፣ ልጆቹን አስመርቄያለሁ፤ እጅጌው ግን ገና ነው።"

"እንግዲያው እጅጌው ላይ አስታርቂያቸው።"

ታናሺቱ ካውያውን አቆመች። "ሐኪሟን ብንጠይቃትስ?"

"ምን ብለን? እኅቴ ደስ ብሏታልና ድረሱልኝ ልበላት?"

ሁለቱም ሣቁ። ታናሺቱ በሆስፒታሉ ደጅ ብትታይ ሹፌሩ እንደሚሰማ ፈርታ ነበር፤ ታላቂቱም ያገኘችውን ደስታ በሐኪም እጅ ማስነካት አልወደደችም፤ ስለዚህ ሣቁ ለሁለቱም ተስማማቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች። ሁለት ሰዎች አንዱ ከሌላው ሳይደብቅ፣ ሁለቱም ከራሳቸው ሲደብቁት ምን እንደሚሆን ግን የነገሩን የለም።

የትምህርት ቤቱ መዝጊያ ሲቃረብ ሹፌሩ መጣ።

"እትዬ፣ እንዴት ናት?"

"ንጹሕ ናት።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ማለዳ ማለዳ አሸትታታለሁ፤ ጠብታ የለባትም። ሥራዋን እየው" ብላ አንድ ሸሚዝ ዘረጋችለት።

"እኔ ሸሚዝ አላውቅም። እርስዎን ነው የማውቀው።"

"እንግዲያው ልጅህን አምጣት።"

ልጅቱ ዐርብ ዕለት የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ መጣች። ቁም ነገረኛ ልጅ ነበረች፤ እናቷን ያቀፈቻት በመጀመሪያ በአንድ እጇ ነው፤ ሌላውን እጇን ለጥንቃቄ ይመስል ወደ ኋላዋ ይዛ ነበር። እስከ ማታ ግን ሁለተኛው እጅም ተፈታ። እናቲቱ የትራስ ልብስ ማጣጠፍ አስተማረቻት፤ በእንፋሎቱ የመስኮቱን መስተዋት ጉም አልብሳ ወፍና መርከብ ሣለችላት፤ በራት ጊዜ ወሬዋን ሳታቋርጥ ከወፍ ወደ መርከብ፣ ከመርከብ አብረው ወደሚሠሩት ቤት ተሻገረች።

"እማዬ፣ ቀስ በይ" አለች ልጅቱ። "ጆሮዬ አልደረሰብሽም።"

ታላቂቱ በዚህ አነጋገር ሣቀች። በቅዳሜውም ሁሉ ነገር እንዲሁ ነበር፤ ሣቅ፣ ወሬ፣ ሩጫ። ልጅቱ ከአክስቷ ጎን መቀመጥ እንዳበዛች ታላቂቱ አስተዋለች፤ ምክንያቱን ግን አልመረመረችም።

እሑድ ማለዳ ታላቂቱ የሆቴሉን አንሶላ ልታደርስ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት የእኅቷን ትንፋሽ አሽትታ ነበር፤ ከጥርስ ሳሙና በቀር ምንም አልነበረበትም። በመተኮሻው ክፍል መስኮት አጠገብ ከቬሎ አከራዩ ቤት የመጣ አንድ ቬሎ ተሰቅሏል፤ በሚመጣው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ትለብሰዋለች።

ሆቴሉ ቆጥራ ካስረከበቻቸው መካከል የጎደለ አለ ብሎ አቆያት። ስትመለስ ረፍዷል። ገና መቀበያው ውስጥ ሳለች የተቃጠለ ጨርቅ ሸተታት፤ በሩጫ ገባች።

ካውያው በአቡጀዲው ላይ ተደፍቶ ቡናማ አድርጎታል። ወለሉ በነጭ ቁርጥራጭ ተሸፍኗል። ልጅቱ በጠረጴዛው ላይ ቆማ፣ ክንዶቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ የተቀደደውን ቬሎ ለብሳለች፤ ጨርቁ በየቦታው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እናቲቱ አፏን በመርፌ ቁልፍ ሞልታ በዙሪያዋ ትሽከረከራለች።

"እትዬ፣ መጣሽ? ደግ አደረግሽ፤ ይህን ክንፍ ያዥልኝ" አለች መርፌዎቹን ወደ መዳፏ እየተፋች።

"ይህ የማን ቬሎ ነው?"

"የልጄ። ሙሽራ ቬሎ አታጣም፣ ልጄ ግን እናት አጥታ ከርማለች፣ ስለዚህ ልክ ነው፣ ሙሽራዋም ብትሰማ ልክ ነው ትላለች፤ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ እሰፋለሁ፣ አንሶላዎቹን ዐስቤያቸዋለሁ፣ ነጭ ሲሆኑ ሁሉም የማን ልጅ እንደ ሆኑ አይታወቅም፣ ደግሞ..."

"አክስቴ" አለች ልጅቱ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፤ "አሁን መውረድ እችላለሁ? ገና ነው ብላኛለች። ሽንቴ አመለጠኝ።"

ታላቂቱ አወረደቻት። የልጅቱ ክንዶች ከመዘርጋት ብዛት ይንቀጠቀጡ ነበር፤ በትከሻዋና በጎኗ መርፌው የነካባት ቦታ እንደ ቁንጫ ንክሻ ቀልቷል። ከዚያም ታላቂቱ የእኅቷን ፊት በሁለት እጆቿ ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው፤ አሸተተችው፤ ደግማ አሸተተችው። ንጹሕ ነበር። ከማሽኖቹ ኋላ ፈለገች፤ የበረኪናውን ጀሪካን ከፍታ አየች፤ የሳሙናውን ሣጥን ገለበጠች። ጠርሙስ ቢገኝ ምን ማድረግ እንደሚገባት ታውቅ ነበር፤ አልተገኘም።

ለሹፌሩ የደወለችው እርሷ ራሷ ናት። ሲመጣ ልጅቱ በፎጣ ተጠቅልላ ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ ነበር።

"ጠጥታ ነው?" አለ።

"አልጠጣችም።"

እርሱም ቀርቦ አሸተታት። ታናሺቱ ግን ይህን እንደ ሰላምታ ቆጥራ በትከሻው ላይ ስንዝሯን ዘረጋች። "ትከሻህ ጠቧል፤ መሪው ነው ያጠበበህ። ኮት እሰፋልሃለሁ፤ አይዞህ፣ ለሹፌር የሚሆን፣ ክንዱ የሚታጠፍ።"

"ታዲያ ምንድን ነው ይሄ?" ብሎ ወደ ታላቂቱ ዞረ።

ታላቂቱ ሐኪሟ የነገረቻትን ያን ጊዜ ዐሰበች፤ ነገር ግን ጎንበስ ብላ የልጅቱን ፎጣ አጠበቀች።

ሹፌሩ ልጁን አነሣ። "ስትሰክር ፈርቻት አላውቅም ነበር" አለ። "ዛሬ ግን ፈራሁ።" በችኮላ ሲወጣ የልጅቱ ቦርሳ ከፎቅ ቀረ።

ታናሺቱ ሌላም ቀን በዚያው ግለት ቆየች፤ ከዚያ ድንገት ወደቀች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ያ ሁሉ ቃል ከየት መጥቶ ወዴት እንደ ሄደ አይታወቅም፤ ውኃ ለመጠየቅ እንኳ አንደበቷ አልታዘዛትም። በመጨረሻ መናገር ስትችል በመጀመሪያ የተናገረችው ክኒኑን እንደ ተወች ነው።

ታላቂቱ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች። "ነገ ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን። ለእርሱም እነግረዋለሁ።"

"ምን ትይዋለሽ?"

"የሆነውን።"

ታናሺቱ ከግድግዳው አልዞረችም። "ጠጥታ ነው በይው።"

"አልጠጣሽም።"

"አውቃለሁ። ቢሆንም በይው። ለሰካራም እኮ ልጅ ይመለስላታል፣ እትዬ። ትታለች ይባላል፣ ትንሽ ይታያል፣ ይመለስላታል። እብድ ግን ትታዋለች አይባልላትም።"

"እብድ አይደለሽም። ታመሻል።"

"ይህን ልዩነት አንቺና ሐኪሟ ናችሁ የምታውቁት። ልጄ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች አያውቁትም። እናቷ ትጠጣለች ቢሏት ታፍራለች፤ ያኛውን ቢሏት ግን ራሷን ትፈራለች።"

"ውሸት አልናገርም።"

"ለእኔም?"

"ለማንም።"

ይህን ስትል ትክክለኛ እንደ ሆነች ታውቅ ነበር፤ ትክክለኛም ነበረች። ነገር ግን ጽድቅ ያለ ርኅራኄ ሲነገር እንደ ካውያ ነው፤ ቀጥ ያደርጋል፤ ያቃጥላልም።

በማግስቱ ሐኪሟ የምትገባው ከሰዓት በኋላ ስለ ሆነ፣ ታላቂቱ በጧቱ የቬሎውን ቁርጥራጭ በከረጢት ይዛ ወደ ባለቤቱ ሄደች፤ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ለመነች። ተሰደበች፤ ስድቡንም ሳትመልስ ተቀበለች። ስትመለስ ሹፌሩን በማጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘችው፤ ለቦርሳው መጥቶ ነበር፤ ቦርሳውም በእጁ ነው። ታናሺቱ በደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ተበትኗል፤ ግማሹ የጎደለ የመጠጥ ጠርሙስ በጉልበቶቿ መካከል ይዛለች። ለማሽተት መቅረብ አላስፈለገም።

ታላቂቱ ልታነሣት ስታጎነብስ፣ ታናሺቱ አንገቷን አቅፋ በጆሮዋ ተናገረች።

"አንቺ መዋሸት አትችይም፣ እትዬ። ስለዚህ እውነት አደረግሁልሽ።"

ሹፌሩ ይህን አልሰማም። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሀት ለቆት ነበር፤ ያዘነ፣ ግን ዕረፍት ያገኘ ሰው ይመስላል።

"ለካ ይሄው ነው" አለ። "እኔ ደግሞ ጭንቅላቷ መስሎኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። መጠጥን ዐውቀዋለሁ፤ አባቴን የወሰደው እርሱ ነው። መልኩንም መላውንም ዐውቀዋለሁ። በርትታ ትተወው፤ ለሚመጣው ዕረፍት ደግሞ እንሞክራለን።" ከዚያም ወደ ታላቂቱ ዞረ። "እሑድም ጠጥታ ነበር፤ አይደል እትዬ? ለእኅት ማዳላት ያለ ነው፤ አልቀየምዎትም።"

ታላቂቱ አዎ አላለችም፤ አልካደችምም። እርሱ ዝምታውን እንደ እሺታ ወሰደው፤ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ሄደ።

"አየሽ?" አለች ታናሺቱ፤ ምላሷ ተሳስሯል፤ ፊቷ ግን ከባድ ስሌት እንደ ፈታ ተማሪ በርቶ ነበር። "ይመለሳል እኮ። ሲመጣብኝ እጠጣለሁ፤ ጠጣች ይላል፤ እተወዋለሁ፤ ያመጣታል።"

ታላቂቱ ከዚህ አነጋገር በኋላ የሚመጣውን ሁሉ አየች። ልጅቱ ትመጣለች፤ ሕመሙም ይመጣል፤ ልጅቱም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ክንዷን ዘርግታ ትቆማለች፤ እናቲቱም መታከሟ ቀርቶ፣ በሕመሟ ላይ እየደራረበች ስትጠጣ ትሞታለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንዲት ሴት ዝም ስላለች ነው። እኅቷን ወደ ውስጥ አስገብታ አስተኛቻትና ሹፌሩን ተከትላ ወጣች።

ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ደረሰችበት።

"እሑድ አልጠጣችም" አለችው። "ዛሬ የጠጣችው አንተ እንድታምን ብላ ነው። ሕመሟ የአእምሮ ነው፤ ከመጠጡም በፊት ነበረ። ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ንጹሕ ናት ብዬ ልጅህን ያስመጣሁህ እኔ ነኝ።"

ሹፌሩ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረው።

"ይድናል?"

"ይታከማል ብለዋል።"

"ይድናል ወይ ነው ያልኩት።"

"አላውቅም።"

"በዘር ይሄዳል የሚሉትስ? ልጄ ላይስ?"

"እሱንም አላውቅም።"

ሰዎች በመካከላቸው ያልፉ ነበር። ሹፌሩ ከመንገዱ ወደ ዳር ፈቀቅ አለ። "ባይነግሩኝ ይሻል ነበር ብዬ ልቆጣዎት ፈለግሁ" አለ፤ "ግን እንዴት ብዬ? እንግዲህ እትዬ፣ አላመጣትም። መቼ እንደማመጣትም ቃል አልሰጥም፤ የማላውቀውን ነገር በቀጠሮ አልይዘውም። ትታከም። እናት እንዳላት ለልጅቷ እነግራታለሁ፤ ያን አልነፍጋትም።" ቃሉ ሲያበቃ ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

ታላቂቱ ስትመለስ ታናሺቱ አልተኛችም፤ በፎቁ መስኮት ቆማ መንገዱን ታይ ነበር። ቃሉን ባትሰማም የሰውዬውን አቋቋም አይታለች።

"ነገርሽው።"

"ነገርኩት።"

አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። ካፖርቷን ለበሰች፤ ቁልፎቹን እያሳሳተች ቆለፈቻቸው፤ ታላቂቱ ልታስተካክልላት እጇን ስትዘረጋ ገሸሽ አለች። በመንገዱም ሁሉ እየተንገዳገደች ቀድማ ሄደች፤ ድጋፍ ስትፈልግ ግድግዳውን እንጂ እኅቷን አልያዘችም።

በሆስፒታሉ መቀበያ አንድ ነርስ ስሟንና ሕመሟን ጠየቃት። ሁሉንም በቅደም ተከተል መለሰች፤ መጠጣቷንም፣ ክኒኑን መተዋንም አልደበቀችም። ነርሱ ቀና ብሎ ታላቂቱን አየ።

"አብረውሽ ያሉት ምንሽ ናቸው?"

"ምኔም አይደለችም" አለች ታናሺቱ። "ልብስ የምተኩስላት ሴት ናት።"

"እንግዲያው እመቤት፣ ዘመድ ካልሆኑ ውጭ ይጠብቁ።"

ታላቂቱ አፏን ከፈተች። የእኅቷ ዐይን ግን ወደ እርሷ አልዞረም፤ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ሰብስባ የውስጡን በር ትመለከት ነበር። ሐኪሟ በሩን ከፍታ በስሟ ስትጠራት ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

ታላቂቱ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በአግዳሚው ወንበር ላይ ዕቃ በጉልበቷ የያዘች አንዲት ሴት ተቀምጣለች።

"እርስዎ ማንን አስገብተው ነው?" አለች ሴትዮዋ።

ታላቂቱ ወደ ወጣችበት በር ዞር ብላ አየች።

"የእናቴን ልጅ" አለች።

ሴትዮዋ ዕቃዋን ወደ ራሷ ሰብስባ ጠጋ አለችላት።